የጄኔሬተር ሰርኪዩት ብሬከር፦ አመጣጡ፣ ዕድገቱና አመራረጡ



እንግዳ ወደ አንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ በገባ ጊዜ ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በተርባይኑና በጄኔሬተሩ ላይ ነው፤ ቀጥሎም በግቢው የቆመውን ባለ ዘይት ትራንስፎርመር ያያል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ባስባሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ በብረት ሣጥን ተሸፍኖ የተቀመጠውን መሣሪያ ግን አስጎብኚው በጣቱ ካላመለከተው በቀር ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ይህ መሣሪያ የጄኔሬተር ሰርኪዩት ብሬከር ይባላል። የዘወትር ሥራው ጄኔሬተሩን ከመረቡ ጋር ማገናኘትና ማለያየት ብቻ ስለሆነ እንደ ተራ ማብሪያና ማጥፊያ ሊታይ ይችላል። ሾርት ሰርኪዩት በደረሰ ቀን ግን የጣቢያው ዕድል በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ በአሥር ሺዎች፣ በትልልቅ ጣቢያዎችም ከመቶ ሺህ በላይ አምፔር የሚደርስ ፍሰት ከአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንዲያቋርጥ ይጠበቅበታል።

ብሬከር የሚገዛ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ የሚመለከተው በመለያ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የኪሎ አምፔር ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን የጄኔሬተር ብሬከርን ከሌሎች ብሬከሮች ሁሉ የሚለየው የፍሰቱ ብዛት ሳይሆን የፍሰቱ መልክ ነው፤ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በዚህ ዘርፍ የታየውም ዕድገት በአብዛኛው ከዚህ መልክ ጋር የተደረገ ትግል ታሪክ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

በቅድሚያ መሣሪያው ስለምን እንደሚያስፈልግ ማስታወስ ተገቢ ነው። ጄኔሬተርና ትራንስፎርመር ያለ ብሬከር በቀጥታ በተያያዙበት ጣቢያ በትራንስፎርመሩ ውስጥ ሾርት ቢደርስ፣ በከፍተኛው ቮልቴጅ በኩል ያለው ብሬከር ከመረቡ የሚመጣውን ፍሰት ወዲያው ይዘጋል። ጄኔሬተሩን ግን የሚያቆመው የለም። ኤክሳይቴሽኑ ቢቋረጥም በሮተሩ ውስጥ ያለው የመግነጢስ ኀይል በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ተርባይኑም ከነክብደቱ መዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ለብዙ ሰከንዶች የራሱን ትራንስፎርመር ሲያቃጥል ይቆያል። በዘይቱ ውስጥ የሚነድደው አርክ ዘይቱን ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፤ ጋዙ ታንኩን ይወጥረዋል፤ ታንኩ ከተቀደደ ደግሞ እሳቱ ይከተላል። በመካከል ብሬከር ካለ ይኸው ፍሰት በአራት ዑደት ገደማ፣ በ50 ኸርዝ መረብ ላይ በ80 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ማለት ነው፣ ሊቋረጥ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥገናና ዓመት የሚፈጅ ግዢ ነው። ትልቅ ትራንስፎርመር እንደ ፊውዝ ከዕቃ ቤት አውጥተው የሚተኩት ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው ጥቅሙ ለጄኔሬተሩ ለራሱ ነው። በከፍተኛው ቮልቴጅ በኩል ያለው ብሬከር ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ሳይከፈት ቢቀር፣ ሚዛኑን ያጣው ጭነት በሮተሩ ገጽ ላይ የመረቡ ድግግሞሽ እጥፍ የሆነ ፍሰት ያስነሣል፤ ሮተሩም በአጭር ጊዜ ይግላል። የጄኔሬተሩ ብሬከር ይህን ጭነት ከሥሩ ይቆርጠዋል። ሦስተኛው ጥቅም ለጣቢያው ሠራተኞች የቀረበ ነው፤ ጄኔሬተሩ በቆመ ጊዜ ብሬከሩ ተከፍቶ የጣቢያው የራሱ አገልግሎት፣ ፓምፑ፣ መብራቱ፣ የባትሪ መሙያው፣ በዋናው ትራንስፎርመር በኩል ከመረቡ ኀይል ማግኘቱን ይቀጥላል። በጥድፊያ ከአንድ ምንጭ ወደ ሌላ ምንጭ መቀየር አያስፈልግም።

እንዲህ ያለ ጥቅም ያለው መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ከብዙ ትልልቅ ጣቢያዎች ጠፍቶ እንደነበር ሲሰማ ሊያስገርም ይችላል። በቀደመው ዘመን ጄኔሬተሮች ትንንሽ ስለነበሩ ሁሉም በአንድ ባስባር ላይ ይገናኙ ነበር፤ እያንዳንዱም የራሱ ባለ ዘይት ብሬከር ነበረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአንድ ጄኔሬተር ጉልበት በመቶ ሜጋ ዋት መቆጠር ሲጀምር፣ ይህን ያህል ፍሰት በዘወትር መሸከም፣ በአደጋም ጊዜ ማቋረጥ የሚችል ብሬከር በቀላሉ አልተገኘም። መሐንዲሶቹም በዘዴ ሸሹት። ጄኔሬተሩንና ትራንስፎርመሩን እንደ አንድ አካል አያይዘው፣ ማቋረጡን ፍሰቱ ወደሚያንስበት ወደ ከፍተኛው ቮልቴጅ ጎን ወሰዱት። ዘዴው ርካሽና ቀላል ስለነበር በብዙ አገሮች ልማድ ሆነ። ዋጋው የታወቀው ትራንስፎርመሮች መቃጠል ሲጀምሩ ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓመታት የስዊሱ ብራውን ቦቬሪና የፈረንሳዩ ደል አልስቶም በታመቀ አየር የሚሠሩ ታላላቅ የጄኔሬተር ብሬከሮችን ለገበያ አቀረቡ። እያንዳንዱ ፌዝ በራሱ የብረት ቱቦ ውስጥ ሆኖ ከባስባሩ ጋር በአንድ መስመር ይቀመጥ ነበር። የታመቀው አየር በአርኩ ላይ በኀይል ይነፍሳል፤ አርኩም ይበርዳል፤ ይቀጥናል፤ ይጠፋል። በዚህ መንገድ በሺህ ሜጋ ዋት የሚቆጠሩ የአቶም ኀይል ጣቢያዎች ጄኔሬተሮች ሳይቀሩ ብሬከር አገኙ። መሣሪያው ግን አስቸጋሪ ጠባይ ነበረው። መጭመቂያ ማሽን፣ የአየር ጋን፣ ብዙ ቫልቭና ቧንቧ ይፈልጋል፤ ለከፍተኛው ፍሰት የተሠራው ደግሞ በውሃ መቀዝቀዝ ነበረበት። ሲከፈት እንደ መድፍ ስለሚጮህ በአጠገቡ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ካልተነገረው ይደነግጣል።

አየሩን የተካው ጋዝ አዲስ ግኝት አልነበረም። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድን ሞዋሳንና ሌቦ የተባሉ የፈረንሳይ ኬሚስቶች በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ሠርተውት ነበር፤ አርክን ለማጥፋት መዋሉ ግን ከ1950ዎቹ የሚጀምር ነው። በ1980ዎቹ ወደ ጄኔሬተር ብሬከር ሲገባ ትልቅ ለውጥ አመጣ። በዚህ ጋዝ የሚሠራው ብሬከር ግፊቱን የሚያገኘው ከውጭ ከመጣ መጭመቂያ ሳይሆን በራሱ ፒስተንና ከአርኩ ከሚወጣው ሙቀት ነው፤ አርኩ ለመጥፊያው የሚሆነውን ግፊት ራሱ ያዘጋጃል ማለት ነው። ቀድሞ አንድ ክፍል ሙሉ ይይዝ የነበረው የአየር መጭመቂያ ከጣቢያው ወጣ፤ የጥገናውም ጊዜ ተራራቀ።

ሦስተኛው መንገድ ቫኪዩም ነው። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሶረንሰንና ሜንደንሆል በ1926 የሙከራቸውን ውጤት ሲያሳትሙ አሳቡ እጅግ ያማረ ነበር፤ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ኮንታክቶቹ ሲለያዩ አርኩን የሚመግበው ከኮንታክቶቹ የሚተንነው ብረት ብቻ ስለሆነ ፍሰቱ ዜሮ ሲደርስ ብረቱ ወዲያው ይበርዳል፤ ክፍተቱም ንጹሕ ይሆናል። ይሁን እንጂ አየር የማያስገባ ዕቃ መሥራትና ለኮንታክቱ የሚሆነውን የብረት ቅይጥ ማግኘት ሌላ ሠላሳና አርባ ዓመት ፈጀ። ዛሬ በአነስተኛና በመካከለኛ ጄኔሬተሮች ላይ ቫኪዩም ዋነኛ ሆኗል፤ እስከ 100 ኪሎ አምፔር የሚያቋርጡትም ለገበያ ቀርበዋል።

እስከዚህ ያለው ታሪክ ነው። አሁን የፍሰቱን መልክ በሚመለከት ዋናው ጉዳይ ላይ መቆየት ያስፈልጋል።

ሰርኪዩት ብሬከር ፍሰትን እንደ መቀስ አይቆርጥም። ኮንታክቶቹ ሲለያዩ ፍሰቱ በመካከላቸው አርክ ሆኖ ይቀጥላል። በ50 ኸርዝ መረብ ላይ ፍሰቱ በአንድ ሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮን ያቋርጣል፤ ብሬከሩ የሚያደርገው ከእነዚህ አንዱን ጠብቆ ፍሰቱ ዳግመኛ እንዳይነሣ መከልከል ነው። እንግዲህ ብሬከሩ የሚጠብቀው ዜሮ ባይመጣስ?

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። 200 ሜጋ ቮልት አምፔር፣ 15 ኪሎ ቮልት የሆነ ጄኔሬተር ይወሰድ። የዘወትር ፍሰቱ 7.7 ኪሎ አምፔር ነው። ሾርት በደረሰበት ቅጽበት ያለው ሪአክታንሱ 20 በመቶ፣ ቀጥሎ የሚመጣው 30 በመቶ፣ የመጨረሻው 110 በመቶ ይሁን። ትራንስፎርመሩም እኩል ጉልበት ኖሮት ኢምፒዳንሱ 12 በመቶ ቢሆን፣ ሾርቱ በጄኔሬተሩ በኩል ሲደርስ ከብርቱ መረብ በትራንስፎርመሩ አልፎ የሚመጣው ፍሰት ወደ 64 ኪሎ አምፔር ነው። ሾርቱ በትራንስፎርመሩ በኩል ሲደርስ ደግሞ ብሬከሩ የሚያቋርጠው የጄኔሬተሩን ፍሰት ሲሆን፣ እርሱ መነሻው ላይ 38.5 ኪሎ አምፔር ብቻ ነው። ሰሌዳውን ብቻ የሚያነብ ሰው የመጀመሪያውን ከባድ፣ ሁለተኛውን ቀላል ይለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ፈተናው የሚብሰው በሁለተኛው ነው።

ሾርቱ ቮልቴጁ በዜሮ በሚያልፍበት ቅጽበት ቢደርስ ፍሰቱ በድንገት መዝለል ስለማይችል በተለዋዋጩ ማዕበል ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው ቀጥታ ፍሰት ይደረብበታል። ማዕበሉም ከዜሮው መስመር ላይ ተነሥቶ ይቀመጣል። ከመረቡ በሚመጣው ሾርት ተለዋዋጩ ክፍል መጠኑን ይዞ ሲቆይ ቀጥታው ክፍል እየከሰመ ስለሚሄድ ማዕበሉ ዜሮውን መንካቱ አይቀርም። በጄኔሬተሩ ሾርት ግን ሁለቱም አብረው ይከስማሉ፤ ይባስ ብሎ ተለዋዋጩ መጀመሪያ ላይ ከቀጥታው ይፈጥናል። በምሳሌው ጄኔሬተር የፈጣኑ ክፍል የመክሰሚያ ጊዜ 30 ሚሊ ሰከንድ፣ የዘገምተኛው 1.5 ሰከንድ፣ የቀጥታው ፍሰት ደግሞ 250 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን፣ ሾርቱ ከደረሰ ከ60 ሚሊ ሰከንድ በኋላ የተለዋዋጩ ማዕበል ጫፍ ወደ 38 ኪሎ አምፔር ሲወርድ ቀጥታው ፍሰት ገና 43 ኪሎ አምፔር ላይ ነው። ማዕበሉ በሙሉ ከዜሮው መስመር በላይ ተንጠልጥሏል። ዜሮ የሚገኘው ከ110 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ብሬከሩ ኮንታክቶቹን በጊዜው ከፍቶ፣ አርኩን በሆዱ ይዞ፣ የማይመጣ ዜሮ ሲጠብቅ ይቆያል። ለዚህ ያልተሠራ ብሬከር በዚህ ጥበቃ ላይ ሳለ ይፈነዳል።

ጄኔሬተሩ ከሾርቱ በፊት በዝቅተኛ ኤክሳይቴሽን ይሠራ ከነበረ ሁኔታው ይከፋል። ይህ የጥግ ጉዳይ እንዳይመስል፤ ጭነት በሚያንስበት ሌሊት ረጃጅም የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ያሉት አገር ጄኔሬተሮቹን የሚያሠራው በዚሁ አኳኋን ነው።

የመሣሪያዎቹ ልዩነት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። አርክ ራሱ ተቃውሞ አለው፤ በብሬከሩ ውስጥ የሚነድደው አርክ ተቃውሞው ትልቅ ከሆነ ቀጥታውን ፍሰት ቶሎ ያከስመዋል፤ ዜሮውንም ወደ ራሱ ይጠራዋል። በምሳሌው ጄኔሬተር ላይ ሻካራ ስሌት ቢሠራ፣ በ40 ኪሎ አምፔር ፍሰት የ500 ቮልት የአርክ ቮልቴጅ ያለው የጋዝ ብሬከር የቀጥታውን ፍሰት የመክሰሚያ ጊዜ ከ250 ወደ 47 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያወርደዋል። የአርክ ቮልቴጁ 80 ቮልት የሆነ ቫኪዩም ብሬከር በዚያው ፍሰት የሚያወርደው ወደ 147 ብቻ ነው። የቫኪዩም አርክ ጸጥ ያለና ጥቂት ሙቀት የሚያወጣ መሆኑ በሌላው ሁሉ ምስጋና የሚያሰጠው ጠባይ ሆኖ ሳለ በዚህ አንድ ፈተና ላይ ድካሙ ይሆናል። የአየሩ ብሬከር በጩኸቱ ቢወቀስም በዚህ በኩል ብርቱ ነበር፤ ኀይለኛው ነፋስ የአርኩን ቮልቴጅ ከፍ ያደርገዋልና።

የቫኪዩም ብሬከር ሠሪዎች ለዚህ የሚያቀርቡት መልስ የኮንታክቶቹን መከፈት ዜሮው እስኪመለስ ድረስ ማዘግየት ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ስሌቱም ይሠራል። ነገር ግን መዘግየቱ በተበላሸው ትራንስፎርመር ውስጥ አርኩ የሚነድድበትን ጊዜ ያረዝማል፤ ብሬከሩ መጀመሪያ የተገዛበትም ምክንያት ያንኑ ጊዜ ለማሳጠር ነበር። ስለዚህ መዘግየቱ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሆነ ሳይጠይቁ መቀበል አይገባም።

ለቫኪዩም ፍትሕ ለመስጠት ያህል የፈተናው ሌላው ገጽ መጠቀስ አለበት። ዜሮው ደርሶ አርኩ ከጠፋ በኋላ በኮንታክቶቹ መካከል ቮልቴጁ ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሩጫ ይጀመራል፤ በአንድ በኩል ክፍተቱ መከላከያውን ለማጠንከር፣ በሌላ በኩል ቮልቴጁ ክፍተቱን ለመስበር ይሽቀዳደማሉ። በሩጫው ቮልቴጁ ቀድሞ ከተገኘ አርኩ ዳግመኛ ይነሣል። ከትራንስፎርመር አጠገብ ቮልቴጁ እጅግ ፈጥኖ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ከ101 እስከ 200 ሜጋ ቮልት አምፔር ሲሆን ስታንዳርዱ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 4 ኪሎ ቮልት ይጠይቃል፤ ከሺህ ሜጋ ቮልት አምፔር በላይ ሲሆን ደግሞ 6 ኪሎ ቮልት። በከተማ ማከፋፈያ ውስጥ ከኬብል ጋር ለሚያያዝ የ12 ወይም የ24 ኪሎ ቮልት ብሬከር የሚጠየቀው ከግማሽ ኪሎ ቮልት አይበልጥም። በዚህ ሩጫ ቫኪዩም ከሁሉ ይፈጥናል። የጋዙ ብሬከር ግን የቮልቴጁን ሩጫ የሚያቀዘቅዝ ካፓሲተር ከጎኑ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በብዙ የጄኔሬተር ብሬከሮች ሣጥን ውስጥ ካፓሲተር ይገኛል። ለጥገና ተፈትቶ ሳይመለስ የቀረ ካፓሲተር እንደ ትርፍ ዕቃ ሊታይ አይገባውም፤ ብሬከሩ የተፈተነው ከእርሱ ጋር ነው።

ከዘወትር ፍሰት አንጻር ደግሞ ቫኪዩም ይገደባል። በባዶው ዕቃ ውስጥ ሙቀትን የሚያወጣ ጋዝ ስለሌለ ሙቀቱ የሚወጣው በኮንታክቶቹ ግንድ ብቻ ነው። በጋዙ ብሬከር ግን የዘወትሩን ፍሰት የሚሸከሙት ዋና ኮንታክቶች ከአርኩ ኮንታክቶች የተለዩ ናቸው፤ አሥር ሺህና ሃያ ሺህ አምፔር ያለ ማራገቢያ ማሳለፍ የተቻለው በዚህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች በአንድ ደንብ የተሰበሰቡት ዘግይቶ ነው። የአሜሪካው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም ለጄኔሬተር ብሬከር ብቻ የሆነውን ስታንዳርድ፣ ሲ 37.013 የሚባለውን፣ በ1989 አወጣ። በ2015 ደግሞ ተቋሙና ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 62271-37-013 የሚል ቁጥር ያለውን የጋራ ስታንዳርድ አሳተሙ። በዚህ ስታንዳርድ ከመረቡ የሚመጣው ሾርት ቀጥታ ክፍል የመክሰሚያ ጊዜ 133 ሚሊ ሰከንድ ተብሎ ይወሰዳል፤ ለተራው ብሬከር የተለመደው 45 ነው። ከጄኔሬተሩ ለሚመጣው ሾርት ሁለት ደረጃዎች ተሰጥተዋል፤ ጂ 1 የቀጥታው ፍሰት ከተለዋዋጩ ጫፍ 110 በመቶ በሚሆንበት፣ ጂ 2 ደግሞ 130 በመቶ በሚሆንበት ሁኔታ የሚፈተን ነው። የሥራው ቅደም ተከተልም የተለየ ነው፤ ብሬከሩ ዘግቶ ይከፍታል፤ 30 ደቂቃ ያርፋል፤ ደግሞ ዘግቶ ይከፍታል። እንደ መስመር ብሬከር በሰከንድ ክፍልፋይ ዳግመኛ መዝጋት በጄኔሬተር ላይ ቦታ የለውም።

ነገሩ ወደ አገራችን ጣቢያዎች ሲመጣ ሁለት ዓይነት መልክ ይይዛል። አዲሶቹ ታላላቅ ጣቢያዎች ጥያቄውን ከነመልሱ ይዘው የሚመጡ ናቸው። በ2025 መስከረም የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የአንዱ ማሽን ጉልበት እስከ 400 ሜጋ ዋት ይደርሳል፤ ይህን የሚያህል ማሽን በ15 ወይም በ20 ኪሎ ቮልት ቢያመነጭ በፓወር ፋክተር 0.9 የዘወትር ፍሰቱ ከ12 እስከ 17 ሺህ አምፔር ይሆናል። እንዲህ ባለ ቦታ ተራ ብሬከር ማስገባት የሚያስብ የለም። አደጋው ያለው በትንንሾቹና በቆዩት ዘንድ ነው። ቆቃ በ1960 ሥራ ሲጀምር የእያንዳንዱ ማሽን ጉልበት 14.4 ሜጋ ዋት ነበር። በዚህ መጠን ያለ ማሽን ብሬከሩ ሲያረጅ በማከፋፈያ ካታሎግ ውስጥ ቮልቴጁም አምፔሩም የሚስማማ፣ ዋጋውም ያነሰ ብሬከር በቀላሉ ይገኛል። ግዢው በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ብሬከሩ ግን የ45 ሚሊ ሰከንድ ልጅ ነው፤ የዜሮውን መዘግየት አልተፈተነም።

ሌላው አደጋ ብሬከሩ ሳይነካ በዙሪያው ያለው መረብ በማደጉ የሚመጣ ነው። ይህም በስሌት ቢታይ ይሻላል። እያንዳንዳቸው 10 ሜጋ ቮልት አምፔር የሆኑ አራት ጄኔሬተሮች በ11 ኪሎ ቮልት ባስባር ላይ ተያይዘው፣ ባስባሩም በአንድ የ40 ሜጋ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በኩል ወደ መረቡ የሚወጣ ጣቢያ ይታሰብ። የጄኔሬተሮቹ ሪአክታንስ 20 በመቶ፣ የትራንስፎርመሩ ኢምፒዳንስ 10 በመቶ ይሁን። ከአንዱ ጄኔሬተር ደጃፍ ላይ ሾርት ቢደርስ ሦስቱ ጎረቤቶቹ በአንድነት ወደ 7.9 ኪሎ አምፔር ይልካሉ። ጣቢያው በተሠራበት ዘመን መረቡ ደካማ ሆኖ የሾርት ጉልበቱ 200 ሜጋ ቮልት አምፔር ከነበረ ከውጭ የሚመጣው 7 ኪሎ አምፔር፣ ድምሩም ወደ 15 ነበር። ሰሌዳው 20 ኪሎ አምፔር የሚል ብሬከር የገዛ መሐንዲስ አስተዋይ ሰው ነበር። መረቡ አድጎ ጉልበቱ 2000 ሲደርስ ከውጭ የሚመጣው 17.5፣ ድምሩም ከ25 ኪሎ አምፔር በላይ ይሆናል። ብሬከሩን የነካው የለም፤ ሰሌዳውም እንደ ተጻፈ ነው፤ አቅሙ ግን ከሚጠየቀው በታች ወርዷል።

በ1960 በአሥር ሜጋ ዋቶች ይቆጠር የነበረው የአገሪቱ የማመንጨት አቅም በፊንጫ፣ በመልካ ዋከና፣ በተከዜ፣ በጣና በለስ፣ በጊቤ ተከታታይ ጣቢያዎችና በሕዳሴው ግድብ አድጎ ዛሬ በሺዎች ሜጋ ዋት ይቆጠራል። በዚህ ዕድገት ውስጥ የቆዩ ጣቢያዎች የሾርት ስሌት በየጊዜው እንደ አዲስ መሠራት የሚገባው ሥራ ነው። ስሌቱ የአንድ መሐንዲስ የጥቂት ቀን ድካም ነው፤ መብራት በማይጠፋበት ሰሞን ማንም አይጠይቀውም፤ ስለዚህም በቀላሉ ይረሳል።

ከፍታም ሊዘነጋ አይገባም። ስታንዳርዶቹ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ የተጻፉ ናቸው። ቆቃና ጢስ ዓባይ ግን ከባሕር ወለል ከ1500 ሜትር በላይ ናቸው። ቀጭን አየር ኢንሱሌሽኑንም ማቀዝቀዙንም ያደክማል። በታሸገ ዕቃ ውስጥ ያለው ቫኪዩምም ሆነ ጋዝ ከፍታውን አያውቀውም፤ ከዕቃው ውጭ ያለው ኢንሱሌተርና ባስባር ግን ያውቀዋል። የግዢ ሰነድ ይህን ካልጠቀሰ ሻጩ የሚያቀርበው ለባሕር ዳርቻ የተሠራውን ነው።

የሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የወደፊት ዕጣ ሌላው ጥያቄ ሆኗል። ጋዙ ለአርክ የተመቸ ቢሆንም በመቶ ዓመት ስሌት ምድርን በማሞቅ ኀይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ23 ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ በአየር ውስጥም እጅግ ረጅም ዘመን ይቆያል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው ደንብ ፍሎሪን ያለባቸውን ጋዞች በአዳዲስ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ መሣሪያዎች ውስጥ መጠቀምን ደረጃ በደረጃ እየከለከለ ነው። ስለዚህ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት አገልግሎት ብሬከር የሚገዛ ጣቢያ የጋዙን ማጠራቀሚያ፣ መሙያና መሰብሰቢያ መሣሪያ፣ የሠለጠነም ሰው አብሮ ማሰብ አለበት። ቫኪዩም ወደ ትልልቅ ጄኔሬተሮች እየገፋ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሲገፋም ከላይ የተባለውን የዜሮ ጥያቄ ይዞ ይሄዳል።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ፈተና ነው። ዜሮው የሚዘገይበትን ሁኔታ በላቦራቶሪ ሙሉ በሙሉ ማስመሰል አስቸጋሪ ነው፤ የላቦራቶሪው ጄኔሬተር ጠባይ የገዢው ጄኔሬተር ጠባይ አይደለምና። ስታንዳርዱ ራሱ ይህን ተገንዝቦ በፈተና የተለካውን የአርክ ቮልቴጅ ይዞ በስሌት ማሳየትን ይፈቅዳል። ስለዚህ ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የጄኔሬተሩን ሪአክታንሶችና የመክሰሚያ ጊዜዎች፣ የትራንስፎርመሩን ኢምፒዳንስ፣ የመረቡን የዛሬና የሚጠበቅ የሾርት ጉልበት፣ የቦታውን ከፍታ ለተወዳዳሪዎች መስጠት ይኖርበታል። ከእነርሱም በዚያው ጄኔሬተር ላይ የተሠራ ስሌት መጠየቅ አለበት፤ አንድ ጊዜ ያለ አርክ፣ አንድ ጊዜ ከአርኩ ጋር፤ አንድ ጊዜ ጄኔሬተሩ ባዶውን ሲዞር፣ አንድ ጊዜ በዝቅተኛ ኤክሳይቴሽን ጭነት ተሸክሞ ሳለ። በስሌቱም ሪሌዩ ካዘዘበት ቅጽበት አንሥቶ ኮንታክቶቹ የሚለያዩበት፣ ዜሮው የሚመጣበትና አርኩ የሚጠፋበት ሚሊ ሰከንድ በየፌዙ ተለይቶ ይጻፍ።